የዶክተር ስቴሽን ሁለት ቅዳሜ

በየሰፈሩ አንድ አለ። ሰፈሩ ውሃ ሊያጣ ይችላል፣ መብራት ሊያጣ ይችላል፣ ግቢው ውስጥ አሮጌ መኪና ፈትቶ የሚገጥም ሰው ግን አያጣም። በደጁ ስታልፉ የምታዩት ጫማውን እንጂ ፊቱን አይደለም። ሰላም ስትሉት መልሱ ከመኪና ሥር ይመጣል። «መቼ ነው የምትነሳው?» ብላችሁ ስትጠይቁት ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ሰው መልስ የትም አንድ ነው፤ «ትንሽ ነው የቀራት።»

ስለ አንዱ ልንገራችሁ። ሰፈርተኛው ዶክተር ስቴሽን ይለዋል። ማዕረጉን የሰጠው የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ሰፈሩ ነው፤ ሰፈር የሰጠውን ማዕረግ ደግሞ የሚነጥቅ የለም። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። በወጣ በሳምንቱ ከእሱ በአሥር ዓመት ብቻ የምታንስ፣ ኋላዋ እንደ ሳሎን የሰፋ፣ ጎንና ጎኗ የእንጨት ጌጥ የተለበጠ ስቴሽን መኪና በጭነት መኪና አስጭኖ ግቢው አስገባ። አስገባ ማለት እንኳ ይከብዳል። ግማሿ ግቢ ውስጥ፣ ግማሿ መንገድ ላይ ቀረ።

«ከስፌት መኪና ወደዚህ እንዴት ይዘለላል?» አሉት።

«መኪና መኪና ነው» አለ። «ያቺ ጨርቅ ትሰፋለች፣ ይቺ መንገድ ትሰፋለች።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ቅዳሜ።»

ይህ እንግዲህ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው።

በእነዚያ አሥራ አንድ ዓመታት መኪናዋ ወደ ቤት እንጂ ወደ መንገድ አልተንቀሳቀሰችም። ቁራጭ በቁራጭ እየተፈታች ሳሎን ገባች፣ ጓዳ ገባች፣ መኝታ ቤት ገባች። የዶክተሩ ቤት ሶፋ የለውም፤ እንግዳ የሚቀመጠው የመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ የሚላት፣ ትዕግሥቷ ለሦስት ትዳር የሚተርፍ ባለቤቱ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ተመቻችታችሁ ተቀመጡ፣ ጉዞው ረጅም ነው» ትላለች። አንድ ቀን ትልቁን ድስት ብትከፍት ካርቡሬተሩ በናፍጣ ተዘፍዝፎ አገኘችው። ድስቱን እንዳለ ተሸክማ ወጣችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼኛው በስንት ሰዓት ነው የሚበስለው?» አለችው። እሱ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ፣ «እስከ ነገ አትንኪው» አላት። አልነካችውም። ሌላ ድስት አወጣች።

ሙያውን ግን የሚክድ የለም። ዶክተሩ ሞተርን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ሐኪም የደረት ምርመራ ውጤት እንደሚናገር ይናገራል። አንድ ጠዋት በመንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና በእጁ አስቁሞ፣ «ሦስተኛዋ ካንዴላህ ታማለች» አለው ሾፌሩን። ሾፌሩ ሰድቦት ሄደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በእግሩ ተመልሶ መጣና ኮፍያውን አውልቆ፣ «አባባ፣ ያቺ ያሏት የትኛዋ ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ይህን ሁሉ በአጥር ማዶ ሆኖ የሚሰማ፣ ሰምቶም ጥርሱን የሚነክስ አንድ ሰው ነበር። አራሚው።

አራሚው የማተሚያ ቤት ሰው ነው። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻዋን ስህተት ለቅሞ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ሥራውንም የሚሠራው ቤቱ ነው። ትዳር የለውም። ቀይ እስክሪብቶ፣ ክብ ማጉያ መነጽርና ጸጥታ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። ሰው ሲያወራው እንኳ በሆዱ ያርማል። የሰፈሩ ሱቅ በር ላይ «ስካር አለቀ» የሚለውን ጽሑፍ በቀይ «ስኳር» ብሎ አስተካክሎ ያለፈ ብቸኛ የሰው ልጅ እሱ ይመስለኛል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በእጁ ያለፈ ስህተት የለም። ማለትም፣ አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዓመት መጽሔት እያረመ ሳለ፣ ዶክተሩ የመኪናዋን የፊት ጭቃ መከላከያ በመዶሻ ማቃናት ጀመረ። ዷ! ዷ! ዷ! አራሚው ጥጥ ጆሮው ውስጥ ከተተ። ዷ! ትራስ በላዩ ጨመረ። ዷ! መጽሔቱ ታትሞ ወጣ፣ ተበተነ። ገጽ ሦስት ላይ «የክቡር ዳይሬክተሩ መልእክት» መባል የነበረበት፣ በትልልቅ ፊደል፣ «የከበሮ ዳይሬክተሩ መልእክት» ተብሎ ቁጭ አለ።

አራሚው ለሁለት ቀን ምግብ አልበላም። በሦስተኛው ቀን ወረቀት አወጣ። ለአካባቢው ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን አቤቱታ ጻፈ፤ ዝገቱን ጻፈ፣ የቤንዚኑን ሽታ ጻፈ፣ ጩኸቱን ጻፈ፣ ግማሽ አካሏ መንገድ መዝጋቱን ጻፈ። ስሙ እንዳይገለጽበት ጠየቀ። እንከን አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ በራሱ ጽሑፍ ትንሽ ተደስቶ፣ አስገባው።

ከወር በኋላ የዶክተሩ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። መኪናዋ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ በራሷ ሞተር ካልተንቀሳቀሰች በክሬን ተነስታ ለብረት ማቅለጫ ትሰጣለች፤ በግቢ ውስጥ የሚደረገው ጥገና ጉዳይም ለብቻው ይታያል ይላል።

በማግስቱ የአራሚው በር ተንኳኳ። ዶክተሩ ነው። ዘይት እንዳይነካው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞታል።

«ጎረቤት፣ እኔ የብረት ሰው ነኝ፣ ፊደል ላይ ሰነፍ ነኝ። ለእነዚህ ሰዎች መልስ ጽፌ ነበር። አንዴ ዓይንህን ጣል ብታደርግበት?»

አራሚው ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይ... ይግቡ ጋሼ» አለ።

«አይ፣ ምንጣፍህን አበላሻለሁ። አንተው ና፣ እዚያው ታየዋለህ።»

እምቢ ሊል ፈልጎ ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ተከተለው። አሥራ አንድ ዓመት በጆሮው ሲኖርበት የነበረውን ግቢ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አየው።

የጠበቀው የቆሻሻ ክምር ነበር። ያገኘው ግን ቤተ መጻሕፍት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ድሮ ክር ይመጣባቸው የነበሩ የፋብሪካ ቆርቆሮዎች ተሰልፈዋል፤ በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። የግራ በር ሦስተኛ ብሎን። የኋላ መስኮት ማውረጃ ትንሿ ሽቦ። ከየት እንደመጣች ያልታወቀች፣ ግን አትጣል። አንድ ሺህ አራት መቶ ገደማ ነው። ሁሉም በቅደም ተከተል፣ ሁሉም ታጥቦ፣ ሁሉም ዘይት ተቀብቶ። «ካንዴላ» የሚለው ቃል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፏል። የአራሚው እጅ በልማድ ተነሳ። ከዚያ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«ይህ ሁሉ ያለበትን ቦታ ያውቁታል?»

«ሞክረኝ።»

አራሚው ዓይኑ ያረፈበትን ጠራ፤ «የመሪው ቀለበት።»

«ከታች ሁለተኛው ረድፍ፣ ከቀኝ ሰባተኛ። ክዳኑ ላልቷል፣ ቀስ ብለህ።»

እውነቱን ነበር። ክዳኑም ላልቶ ነበር።

ከመኪናዋ ፊት ቆሙ። ላሜራዋ ከዝገት ጸድቶ እንደ ብር ያበራል። የጎኗን እንጨት ዶክተሩ ራሱ ጠርቦ፣ ራሱ አለስልሶ፣ አንዲት ምስማር ሳያስገባ ገጥሞታል። አራሚው መዳፉን እንጨቱ ላይ አሳረፈ፤ መጋጠሚያው የቱ ጋ እንደሆነ በጣቱ ፈልጎ አጣው። እንኳን በጣቱ፣ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶም አጣው። ስህተት ፈልጎ ያጣበትን ቀን ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

«ጋሼ... ግን ለምን?» አለ በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ዓመት?»

ዶክተሩ ጥያቄው ግራ የገባው መሰለ። «ስለምትጠገን ነዋ!»

«በቃ?»

«የማይጠገን ነገርማ ሞልቷል፣ ወዳጄ። የሚጠገን ሲገኝ ትተኸው ልትሄድ ነው?»

የዶክተሩን ደብዳቤ እዚያው ቆሞ አነበበ። ሃያ ሰባት ስህተት አለበት። ሃያ ስድስቱን አረመ። አንድ መስመር ላይ ግን «ይህች መኪና ቆሻሻ አይደለችም ያላለቀች ናት እንጂ» የሚል ነበር፤ መካከሉ ላይ ድርብ ሰረዝ ይጎድለዋል። እጁ አልታዘዝ አለው። እንዳለ ተወው።

«ምን ያህል ነው የቀራት?» ሲል ጠየቀ።

«ትንሽ ነው የቀራት» አለ ዶክተሩ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ነገር ብቻ። እሷን ግን በዓለም ላይ የሚሠራት የለም።»

አንድ ነገር የተባለችው ለሞተሩ እሳት የሚያደርሰውን ዘንግ የምታዞር፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ አሥራ ሦስት ጥርስ ያላት ክብ ብረት ነበረች። የድሮዋ አልቃለች። የሠራት ፋብሪካም ከተዘጋ ዘመን አልፎታል። ዶክተሩ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ማስታወሻ ብሎ የያዘው የአንድ ትልቅ የስፌት መኪና ዘንግ ነበረው፤ ብረቱ አንደኛ ብረት ነው። እሱን ቆርጦ በሞረድ ብቻ፣ በእጁ፣ ጥርስ በጥርስ ሊቀርጻት ተነሳ።

አራሚው በማግስቱ ሄደ። «እንዴት ሆነች ብዬ ነው» አለ። በሦስተኛውም ቀን ሄደ። በአምስተኛው ቀን ማንም ሳይጋብዘው በርጩማ ይዞ ገባ። ዶክተሩ ሞረዱን አንዴ ገፋ ያደርጋል፣ ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል፣ ብረቷን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያያል፣ ደግሞ አንዴ ገፋ። ሰባ አንድ ዓመት የሆነው እጅ አንዲት ጊዜ እንኳ አይንቀጠቀጥም። አራሚው ራሱ ሲያርም እንኳ ይህን የመሰለ ጸጥታ ሰምቶ አያውቅም። መዶሻ የሰማበት ግቢ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ብረቷ አለቀች። ዶክተሩ ገጥሞ በእጁ አዞራት፤ ዞረች፣ ዞረች፣ ቀጨጭ አለችና ቆመች። አወጣት። መልሶ ገጠማት። ቆመች። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ሽምግልና ታየ።

«ታማለች» አለ። «የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልነግር አለችኝ።»

«አንዴ ልያት?» አለ አራሚው።

ማጉያ መነጽሩን አወጣ። በዓመታት ውስጥ ሚሊዮን ፊደል ያየበት ዓይን ነው። ጥርሶቹን እንደ መስመር፣ አንድ በአንድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አነበባቸው። ከዚያ ተመልሶ አነበባቸው። «ሰባተኛዋ» አለ፤ «ሰባተኛዋ ጥርስ በቀኝ ጎኗ የፀጉር ያህል ወፍራለች።»

ዶክተሩ አየ፣ አልታየውም። ግን አመነ። ሰባተኛዋን በሞረድ ሁለት ጊዜ ብቻ ዳበሳት፣ ገጠማት፣ አዞራት። እንደ ቅቤ ሄደች። ዶክተሩ ቀስ ብሎ ዞሮ አራሚውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ አንተ የት ነበርክ እስካሁን የሚል አስተያየት ነበር። እትዬ ከጓዳ በር ላይ ሆና ታይ ነበርና፣ «ጉድ ፈላ!» አለች። «አሁንስ ሁለት ሆኑ።»

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሳሎኑ ባዶ ሆነ። የኋላ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እትዬ ሳሎኗን አይታ «ቤቴ ሰፊ ነው ለካ» አለች። ቀትር ላይ ዶክተሩ መሪውን ይዞ ተቀመጠ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አስነጠሰ። ዝም አለ። ደግሞ አስነጠሰ። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ አንድ ዝቅ ያለ፣ የጠገበ፣ ረጅም ድምፅ ተነሳ፤ የመስኮቶቹ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ በመደርደሪያው ላይ ባዶ ቆርቆሮዎቹ መዘመር ጀመሩ። ጎረቤቱ በየበሩ ወጣ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አላጨበጨበም። አራሚው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ከውጭ ይሁን ከውስጥ የሚመታው አልለየለትም።

«መልሱን በፖስታ አንልክም» አለ ዶክተሩ በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት። «ራሷ ታድርሰው።»

ሁለቱ ተሳፈሩ። አራሚው ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ደብዳቤው በአንድ እጁ ነው፣ የጋቢናው በር እጀታ ገና ስላልተገጠመ በሌላ እጁ በሩን ይዟል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ እንደ ሽማግሌ እያረፈች፣ ግን ሳትቆም ወጣችው። የመንገድ ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው አዩዋት። አንድ የትራፊክ ፖሊስ መንገድ ሊዘጋባት እጁን አንስቶ ረሳና ሰላምታ ሰጣት።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት። ወጥታ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞረቻት፤ እንጨቱን ዳሰሰች። ከዚያ ደብዳቤውን አነበበች፣ ፋይሉን ከፈተች።

«መንገድ መዝጋቱ ተፈቷል አባቴ፤ መንቀሳቀሷን በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። «የጥገናው ጉዳይ ግን ይቀራል። አመልካቹ ጩኸቱን አልቻልኩም ብለዋል። እሳቸው መጥተው አቤቱታቸውን ካላነሱ፣ ግቢ ውስጥ መዶሻ ማንሳት አይችሉም።»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱን እጆቹን አየ፤ ምን እንደሚያደርግባቸው የጠፋው ይመስል ነበር።

አራሚው ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ። «አመልካቹ እኔ ነኝ» አለ።



«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አነሳዋለሁ። የት ልፈርም?» አለ፤ ፊቱን ወደ ዶክተሩ ማዞር ግን አቃተው።

«እዚህ ጋ ነው የሚፈረመው» አለ ዶክተሩ፣ በጣቱ እያሳየው። «እነሱ የሰጡኝ ወረቀት ላይ አየሁት።»

«ያውቁ ነበር?»

«አንተ ሰው፣ የአቤቱታውን ቅጂ ሰጥተውኛል እኮ። አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ አንድ ስህተት የለበትም! ንጉሡ ሠ በቦታው፣ ሐመሩ ሐ በቦታው። በእኛ ሰፈር ከአንተ ሌላ ይህን የሚችል ማን አለ? እትዬን ጠርቼ፣ ‹ነይ፣ እንዴት ያለ ንጹህ ሥራ ነው!› ብዬ አሳየኋት። እሷም ‹ዓይን አለው፣ ጥራው› አለችኝ።»

አራሚው ፈረመ። ፊርማው ተጣመመ፤ እንደተጣመመ ተወው።

ሲመለሱ ዶክተሩ መኪናዋን ከመንገድ ዳር አቆመና ወርዶ የኋላውን ትልቅ በር ከፈተ። ከወለሉ ላይ አንድ ማንጠልጠያ ሲስብ፣ ከሥር አንዲት ትንሽ ወንበር ተገልብጣ ወጣች፤ ፊቷን ወደ ኋላ ያደረገች። «ድሮ ልጆች የሚቀመጡባት ናት» አለው። «ከታደሰች ወዲህ ማንም አልተቀመጠባትም። ግባ።»

አራሚው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ጉልበቱን እስከ አገጩ አጥፎ ገባ። በሩ ተዘጋ፣ መኪናዋ ተነሳች፣ መንገዱ ከእግሩ ሥር እንደ ጨርቅ እየተተረተረ ወደ ኋላ መፍሰስ ጀመረ። ሰዎች ከየእግረኛው መንገድ እጃቸውን አወዛወዙለት። እሱም አወዛወዘ። ሱቆችን አለፉ፣ የግድግዳ ማስታወቂያዎችን አለፉ፣ ታፔላዎችን አለፉ፤ ሁሉንም አያቸው፣ አንዱንም አላነበበም።

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ከመኪናዋ ኋላ ጭስ ተነሳ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ሳሙና እንደ በዛበት አረፋ የሚጥመለመል ጭስ። ሰማያዊ ጭስ ምን እንደሆነ አራሚው አሁን ያውቃል፤ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሞተሩን መልሶ መፍታት ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሆነ አንድዬ ያውቃል።

ዶክተሩ ከፊት ጮኸ፤ «ወዳጄ! ከኋላ ጭስ ይታይሃል?»

በሕይወቱ ያየውን ስህተት ሳያመለክት አልፎ የማያውቀው ሰው ጭሱን አየ። አንገቱን አዙሮ በጋቢናው መስታወት ውስጥ የዶክተሩን ሁለት ዓይኖች አየ፤ እንደ ልጅ ያበራሉ።

«የለም!» ብሎ ጮኸ።

«እኔን ትንሽ ይሸተኛል!»

መንገዱ ላይ ከእነሱ በቀር አንድም መኪና አልነበረም።

«ከሌላ መኪና ነው ጋሼ!» አለ አራሚው፤ በመስኮቱ የገባውን ጭስ በደብዳቤው ፖስታ እያራገበ። «ይንዷት!»